ቤት ለሌለው ቤት አይከራይም

ሰመራ ልጅ እግር ከተማ ናት። የአፋር ክልል መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚህ የተዛወረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋም ቢሆን የ2000 ዓ.ም. ልጅ ነው። ጠጉሩ ላይ ሽበት ጣል ያደረገበት ነዋሪ ሁሉ ከከተማዋ በዕድሜ ይበልጣል። አከራይም ይሁን ተከራይ፣ የቢሮ ኃላፊም ይሁን ሻይ ሻጭ፣ አብዛኛው ሰው አንድ ቀን ፍራሹንና ድስቱን ከአይሱዙ ላይ አውርዶ «ቤት የት ይገኛል?» ብሎ የጠየቀ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ አዲስ ገቢውን ከነባሩ መለየት ከባድ ነው። ሙቀቱ እንኳ ሳይለይ ሁሉንም እኩል ይቀቅላል። ደግነቱ አከራይ፣ ደላላና ቀበሌ ተጋግዘው ፍቱን መለያ አበጅተዋል፦ አዲስ ገቢ ማለት ገና ከመኪና ሳይወርድ የስድስት ወር ኪራይ የሚጠየቅ ሰው ነው። ነባር ማለት ደግሞ ጠያቂው ነው።

ለማስረጃ ያህል አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባወራው ዱብቲ ሆስፒታል የተመደበ ነርስ ነው። ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና እናቱን ይዞ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ቆላው ወርዷል። ደላላው መጀመሪያ የሚያነሳው የገንዘብ ነገር አይደለም፤ ደላላ ጨዋ ነው።

«ወንድሜ፣ ስንት ናችሁ?»

«አምስት።»

«አከራዩ ሐጂ ‹ባልና ሚስት ብቻ› ነው ያሉት።»

«ልጆቹ እኮ ትንንሽ ናቸው።»

«ትንንሾቹማ ናቸው ግድግዳ የሚያበላሹት። እናትህስ ይከርማሉ ወይስ ለጥየቃ ነው የመጡት?»

ለጥየቃ ነው የመጡት። በዚህ አገር የተከራይ እናት ሁሉ የምትመጣው ለጥየቃ ነው፤ አንዳንዷ ዐሥር ዓመት ትጠይቃለች።

ቤቱ ይታያል። ብሎኬት ነው፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከላይ ቆርቆሮ። ኮርኒስ የለውም። ሐጂ እንዳስረዱት ኮርኒስ ሙቀት ያፍናል፤ ቆርቆሮ ግን የልቡን አውጥቶ ይናገራል። ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እንቁላል የሚያስቀምጥ ሰው ማታ ቅቅል ቢያገኝ አይግረመው። ማታ ታዲያ ቤተሰቡ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ሰማይ ሥር ይተኛል። ኪራዩ የጣሪያ ነው፤ መኝታው ደጅ ነው። ግቢው ለብቻው እስካሁን በካሬ አለመከራየቱ አከራዮች ምን ያህል ሩኅሩኆች እንደሆኑ ይመሰክራል።

ከዚያ ደንቡ ይነበባል። ምጣድ አይጣድም፤ ቆጣሪ ይበላል። ማራገቢያ ይፈቀዳል፤ ግን አንድ። ፍሪጅ ካለ ጭማሪ አለው። እንግዳ አያድርም፤ ጥየቃ የመጡት እናት በልዩ አስተያየት ታልፈዋል። የውጭው በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ አባወራው የሌሊት ተረኛ ነርስ መሆኑ የሆስፒታሉ እንጂ የበሩ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ስድስት ወር በቅድሚያ።

ነርሱ ሬዲዮ ያዳምጣል መሰለኝ፣ ሕግ ጠቀሰ። አልተሳሳተም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። አዲስ አበባ ምዝገባውን ጀምራለች፤ በክልሎች ግን የትኞቹ ከተሞች በአዋጁ እንደሚገዙ የሚወስኑት ክልሎቹ ራሳቸው ናቸው።

ደላላው አዋጁን ከነርሱ በላይ ያውቀዋል፤ ያከብረዋልም። በውሉ ላይ የሚጻፈው ሁለት ወር ነው። የቀረው አራት ወር «የመተማመኛ» ይባላል፤ አዋጁ ደግሞ ሰዎች እንዳይተማመኑ አልከለከለም። የውሉ ገንዘብ በባንክ ይገባል፣ የመተማመኛው በእጅ። የደላላው ድርሻ ከሁለቱም ወገን ይቆረጣል፤ ምክንያቱም ደላላ አያዳላም።

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። የዘመድ ብድር፣ የሚስት የአንገት ወርቅ፣ የዕቁብ የመጀመሪያ ዕጣ በልመና፤ ብቻ ተገኘ። አሁን ቤተሰቡ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብም፣ ለብዙ ጉዳይም መታወቂያው ግድ ነው። ቀበሌ መልሱ አጭር ነው፦ ከለቀቃችሁበት ቀበሌ መሸኛ፣ አሁን የምትኖሩበት ቤት ቁጥር፣ የባለቤቱ ፊርማ።

መሸኛው ከኮምቦልቻ ይመጣል። ችግሩ ፊርማው ነው። ሐጂ «ተከራዬ ነው» ብለው ከፈረሙ ነገ የኪራይ ገቢ ግብር የሚባል እንግዳ በራቸውን ያንኳኳል፤ እሱ ደግሞ ለጥየቃ ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ሐጂ መላ አላቸው።

«ልጄ፣ ተከራይ አንበል። የእህቴ ልጅ ነህ እንላለን። አፋርና ወሎ ድሮም ዘመድ ነው።»

በዚህ ዘዴ ቤተሰቡ በአንድ ፊርማ ዘመድ ያፈራል። ዘመድ ደግሞ ውል የለውም። ዘመድ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይውጣ የሚል አንቀጽ የትም የለም፤ ዘመድ ላይ ኪራይ በዓመት ስንቴ እንደሚጨመር የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤትም የለም። ከተማው በመዝገብ ሲታይ ተከራይ የሌለበት፣ እርስ በርሱ የተዋለደ የአጎትና የአክስት ልጅ ብቻ የሚኖርበት ነው። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ በሌላ ቦታ አይገኝም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያም የዐሥሩን ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊቱን ምስል ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው ልዩ ቁጥር ይሰጣል። መንግሥት የነርሱን ዓይን ከሚስቱ አስበልጦ ያውቀዋል ማለት ነው። ይኸው በጥልቀት የታወቀ ሰው ቀበሌ ሲደርስ ግን የሚያውቀው አንድም ሰው የለም፤ የሐጂ ፊርማ ከዓይን ብሌን ይበልጣል።

ይህን የእኛ ብቻ ጥበብ አድርጎ መኩራራት አይገባም። ጀርመን የገባ አበሻም ይህንኑ ቀለበት ዞሯል። እዚያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አድራሻ ለማስመዝገብ አከራዩ ቤቱን መስጠቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠየቃል፤ በርሊን ላይ ቤት ለመከራየት ደግሞ የዕዳ ታሪክና የደመወዝ ማስረጃ ይፈለጋል፤ ትናንት የገባ ሰው ሁለቱም የሉትም። አሜሪካም ዕዳ የሌለበትን ሰው ተጠራጥራ የምታይ አገር ናት፤ ለማከራየት «ክሬዲት» ትጠይቃለች። ልዩነቱ በርሊን ላይ አከራዩ የእህቴ ልጅ ነው ብሎ አለመፈረሙ ነው። በዝምድና እንበልጣቸዋለን።

የበረሃ አበል የሚባል ነገር አለ። ቆላ ወርዶ ለሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ሙቀቱን እንዲችልበት ከደመወዙ በላይ ይታሰብለታል። ሐሳቡ ለማራገቢያ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ፣ ምናልባትም ለኮርኒስ ነበር። ነገር ግን ፀሐይዋ የወጣችው በሐጂ ቆርቆሮ ላይ ስለሆነ አበሉ ወደ ቆርቆሮው ባለቤት ቢሄድ ፍትሐዊ ነው። ደመወዝ ሲጨመርም እንዲሁ። መንግሥት ለ2018 ዓ.ም. የጀማሪ ባለዲግሪን ወርኃዊ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚያደርግ ሲያስታውቅ፣ ዜናውን ከሠራተኛው እኩል ያዳመጠው አከራይ ነው። ደስታውም እኩል ነበር። ሠራተኛው ጭማሪውን በባንክ ሒሳቡ ላይ አንድ ሌሊት አሳደረው።

ነርሱ የሚሠራባት ዱብቲ ግን አዲስ ገቢን በማስተናገድ ሰመራን በብዙ ትቀድማለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በአካባቢዋ በተንዳሆ ጥጥ ሲተክል፣ ከወሎና ከደቡብ ለለቀማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካምፕ ውስጥ ነበር የሚያድረው። መኝታው ድሎት አልነበረውም፤ ግን መጀመሪያ የስድስት ወር አምጣ ያለው አልነበረም። የበጋ ግጦሹን ለጥጡ የለቀቀው የአፋር አርብቶ አደር ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወንዙን ለእርሻ ሲያከፋፍል፣ ከብቱን ወንዝ ዳር የሚያከርመው ሰው በገዛ አገሩ አዲስ ገቢ ሆኖ ወደ ደረቁ ሜዳ ተገፋ። ቅድሚያ ክፍያውን በሳር ከፍሏል፤ እስካሁን ደረሰኝ አልተቆረጠለትም። በኋላም ስኳር መጣ፤ 50,000 ሄክታር ሸንኮራ ታቅዶ የአዋሽ ውሃ በተንዳሆ ግድብ ታገደ። ሥራ አለ የተባለበት ቦታ ሰው ይጎርፋል፤ ሰው በጎረፈበት ቦታ ደግሞ ብሎኬት ይደረደራል።

ደርግ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው ከነልጅ ልጁ ዛሬም እዚያው አለ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ ቤት የሚሰጠው ድሮ ለመጣ ሰው ነው። አዲስ አበባም በ2005 ዓ.ም. የ20/80ና የ40/60 ቤት ፈላጊዎችን ስትመዘግብ ቢያንስ ሁለት ዓመት የኖረ ይሁን ብላለች። አዲስ ገቢው አልተመዘገበም፤ ስለዚህ ከተመዘገቡት መካከል ዛሬም ድረስ ዕጣ ከሚጠብቁት ጋር አብሮ ላለመሰልቸት ታድሏል።

አፋር ራሱ ቤት የሚሠራበት መንገድ ለደላላ አይመችም። ዳቦይታ በቆልማማ እንጨት ቆሞ በሰሌን የሚሸፈን ጎጆ ነው። የምትሠራው ሴቷ ናት፤ የእሷ ነው። መሄድ ሲያስፈልግ ፈርሶ ግመል ላይ ይጫናል፤ የደረሱበት ቦታ ይተከላል። ቀብድ የለውም፣ ቆጣሪ የለውም፣ የውጭ በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አይዘጋም። ከሩቅ የመጣ ሰው በመንገድ ሲያገኙትም መጀመሪያ ዳጉ ይባላል፤ ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ እየተባለ ወሬው በዝርዝር ይሰማል። ይኸው ሰው ሰመራ ሲገባ የሚጠየቀው ጥያቄ አጥሯል፦ «ካሽ ይዘሃል?»

አከራይ የማይጠይቀውም አዲስ ገቢ አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን አፋር ወረዳዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅል፣ ከበርሃሌ ካምፕ የሸሹ ኤርትራውያን ስደተኞችም አብረው ወጡ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድሯ ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀቁ፤ መሬት እንደ አዋጁ ማስጠንቀቂያ አልሰጠችም። ለእነዚህ ሰዎች ደላላ አልመጣም። ሸራ ተሰጣቸው። ሸራ ውል አይፈልግም፣ የባለቤት ፊርማ አይፈልግም፤ በጥያቄ ብዛት ካየነው ከሐጂ ክፍል የተሻለ አስተዳደር አለው።

ለሐጂም ቢሆን ፍርድ አይጓደል። ቤቱን የሠሩት በባንክ ብድር አይደለም፤ ባንክ እንደ ሐጂ ላለ ሰው ቤት መሥሪያ እምብዛም አያበድርም። ሲሚንቶና ብረቱን የገዙት በልጅ ከጂዳ በተላከ ገንዘብና ከተከራይ በወሰዱት ቅድሚያ ነው። ባንክ የተወውን ሥራ ተከራይ ይሠራዋል ማለት ነው፤ ያለ ወለድ፣ ያለ ማስያዣ፣ ያለ ድርሻ። በዚህ መንገድ በአገሪቱ ርካሹን የቤት ብድር የሚሰጠው ገና ትናንት የደረሰው፣ ከሁሉ ድሃው ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ አሠራሩን ከማፍረስ ማሻሻል ይሻላል። ቀበሌው የተከራይን ዘመድነት በይፋ ይመዝግብ፤ የአክስት ልጅ ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ግን ደረሰኝ ይቆረጥለት። አዲስ ገቢ ቤተሰብ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኪራይ መክፈል ይጀምር፤ ሲደርስ ነባር ይሆናል። ይህ ካልተመቸ፣ አንድ አሰልቺ አማራጭ አለ፦ የክልሉ ከተሞች ያንኑ አዋጅ ሥራ ላይ ያውሉ፣ ቀበሌውም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤና በፋይዳ ቁጥር ብቻ፣ ያለ ሐጂ ፊርማ፣ መታወቂያ ይስጥ። ይህ ከሆነ ሐጂ የእህታቸውን ልጅ፣ ደላላውም «የመተማመኛውን» ያጣሉ።

እስከዚያው የነርሱ ስድስት ወር በግቢው ጥግ አዲስ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ቆርቆሮው ሲለብስ ለሚቀጥለው መምህር ይከራያል፤ ዋጋው ከነርሱ ቤት ጨመር ይላል፣ ምክንያቱም ቤቱ አዲስ ነው።