ጮክ ተብሎ ይነበብልን

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ የተከፈተ መጽሐፍ ከጎሃ ጽዮን በኋላ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቆይም። እስከዚያ ድረስ በሌሊት የተነሳው ተሳፋሪ የቀረችውን እንቅልፍ ይጨርሳል፤ ከዚያ ዓይኑን ይገልጥና ጎረቤቱ ምን እንደያዘ ማየት ይጀምራል። ስልክ የያዘ ሰው ብዙም አያጓጓም። ዳቦ የያዘ ሰው “እንብላ” ማለቱ ስለማይቀር ነገሩ ቶሎ ይቋጫል። መጽሐፍ የያዘ ሰው ግን የሆነ ነገር ለብቻው እያጣጣመ፣ አልፎ አልፎም ፈገግ እያለ፣ ማንንም “እንብላ” ሳይል ረጅም መንገድ ይጓዛል። ነውሩ እዚህ ላይ ነው።

መንገደኛ አንባቢዎች ይህን ስለሚያውቁ መከላከያ ያበጃሉ። የመስኮት ወንበር ይመርጣሉ፤ ምንም የማይሰማበት ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ይሰካሉ፤ መጽሐፉን በጋዜጣ ይለብጣሉ። ከሁሉም የማይረባው ልባጡ ነው። ርዕሱ የተሸፈነ መጽሐፍ ርዕሱ ከሚታይ መጽሐፍ የበለጠ ያጓጓል፤ “ምንድን ነው የምታነበው?” የነበረውን ጥያቄም “ምን ደብቀህ ነው?” ያደርገዋል።

ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ አንድ አውቶቡስ ውስጥ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንባቢው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጡት ደግሞ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ። በጋዜጣ የተለበጠው መጽሐፍ “ፍቅር እስከ መቃብር” ነበር፤ ለዚህ መንገድ የተመረጠውም ሆን ተብሎ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው፤ ማንኩሳ ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ታሪኩን በታሪኩ አገር እያለፉ፣ አንዴ ገጹን አንዴ መስኮቱን እያዩ ማንበብ መጽሐፍ ወዳዶች ብቻ የሚረዱት ቅንጦት ነው። ዕቅዱ አንድ ነገር ብቻ ዘንግቷል፤ በዚያ መንገድ የሚሄዱት አብዛኞቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው።

የዓባይ በረሃ ጥምዝምዝ ለንባብ አይመችም። አንባቢው ማቅለሽለሽ ሲጀምረው መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ እንዳስቀመጠ ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ይህን እንደ ግብዣ ወሰዱት። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ጥቂት መስመሮች ተመለከቱና በክርናቸው ነካ አደረጉት።

“ቦጋለ መብራቱ ናቸው እንዴ?”

“አዎ አባቴ። ገና መጀመሪያው ላይ ነኝ።”

“አውቃቸዋለሁ።”

የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ደራሲው የፈጠሯቸው ሰው ናቸው። አንባቢው ይህንኑ በትሕትና ለማስረዳት ሞከረ፤ “ልብ ወለድ እኮ ነው” አለ። ሽማግሌው ይህን የሰሙት ማንኩሳ ውስጥ ሰው አልነበረም እንደተባሉ ነው። “እና ሰዎቹ ውሸት ናቸው ነው የምትለኝ? እኔ የማንኩሳ ሰው ነኝ፤ አሁንም የምወርደው እዚያው ነው።” ለዚህ መልስ የሚሆን የሥነ ጽሑፍ ንድፈ ሐሳብ እስካሁን አልተጻፈም። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ቦጋለንም ውድነሽ በጣሙንም እንደ ጎረቤት እየጠሩ ጠባያቸውን አነሱ፣ አዘኑላቸው፤ በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጨረሻው እንደማያምር ነገሩት። አንባቢው መጨረሻውን ሳይደርስበት ሰው ስለነገረው ተናደደ። ንዴቱ ግን ብዙም ፍትሐዊ አይደለም። ደራሲው ራሳቸው መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ፣ መቃብሩን ሳይቀር ጽፈውታል፤ ሸፍኖ ያቆየው ጋዜጣው ብቻ ነው።

ደጀን ላይ ሻይ ሲጠጣ እውነቱ ወጣ። ሽማግሌው መጽሐፉን በዓይናቸው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ “ከመጻሕፍት ዓለም” ዝግጅት ሲተርከው አንድም ገጽ ያልገለጠ ብዙ ሕዝብ አንባቢ ሆኗል። ሽማግሌውም ከነዚህ ናቸው፤ የገረማቸው ነገር ቢኖር ይህን የመሰለ መጽሐፍ ያለ ድምፅ መነበቡ ነው።

“ለምንድን ነው በልብህ የምታነበው? ብቻህን ምን ይጣፍጥሃል?”

ጥያቄው ለአንባቢው ቀልድ መሰለው፤ ከታሪክ አንፃር ግን የሽማግሌው ወገን ይበረታል። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስን ሲይዝ፣ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ሲሻገር፣ ሁሉንም በአፉ ነው የሚወጣው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባሉት የግዕዝ ንባብ ሕጎች የድምፅ ሕጎች ናቸው። ዝም ብሎ የሚያነብ ተማሪ ወዳቂውን ያንሳው ተነሹን ይጣለው የኔታ ምንም ማወቂያ የላቸውም፤ ስለዚህ ዝም ያለ ተማሪ የሚያነብ ሳይሆን የሚያንቀላፋ ተደርጎ ይቆጠራል። ደብዳቤም ቢሆን ብዙ ዘመን የኖረው እንዲሁ ነው። ፊደል የቆጠረ አንድ ልጅ ያለበት ሰፈር የልጁን ምስጢር ባያውቅም የሁሉንም ደብዳቤ ያውቅ ነበር።

ሌላም አገር ልማዱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዘመን የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ ነገሩን መጻፍ የሚገባው ጉዳይ አድርጎ መዝግቦታል። እንግዶቹ ገብተው ፀጥ ብለው ይቀመጡና ሊያቋርጡት ሳይደፍሩ ይወጡ ነበር ይላል። የሚላን ሰዎች ጨዋነት ያስቀናል፤ ከመካከላቸው አንድም የማንኩሳ ሰው አልነበረም።

በኢትዮጵያ ፀጥታን የንባብ ሕግ ካደረጉት ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ወመዘክር ነው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ የገባ ሰው ወንበር ሲጎትት እንኳ ይሳቀቃል። የስድስት ኪሎው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም፣ አራት ኪሎ ላይ በቅርብ ዓመታት የተከፈተው አብርሆትም በዚሁ ሕግ ይተዳደራሉ። በነዚህ አዳራሾች ያደገ አንባቢ ፀጥታን የመጽሐፍ ተፈጥሮ አድርጎ ይወስደዋል፤ እውነቱ ግን የአዳራሹ ደንብ ብቻ መሆኑ ነው። አውቶቡስ የራሱ ደንብ አለው፤ እዚያ ዝም ማለት የተኮራረፉ ሰዎች ጠባይ ነው።

ከደጀን በኋላ አንባቢው ተሸነፈ። በሹክሹክታ አንድ አንቀጽ አነበበ። ከኋላ ወንበር “ጮክ በል እንጂ!” የሚል ሴት ድምፅ መጣ። ጮክ አለ። ረዳቱ ማንም ሳይጠይቀው ዘፈኑን ቀነሰና በሩ አጠገብ ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። ሽማግሌው ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ትንሽ ከሰሙ በኋላ እርማት ጀመሩ።

“ወጋየሁ እዚህ ጋ ዝግ ይል ነበር።”

አንባቢው ዝግ አለ።

“ኧረ እንደሱ አይደለም። አሁን አንቀላፋህ።”

ጥቂት ገጾች ከሄዱ በኋላ ሽማግሌው ሰለቻቸው። “ቦጋለን ተዋቸውና ፊታውራሪ መሸሻን አምጣቸው” አሉ። አንባቢው መሸሻ ጋ ገና እንዳልደረሰ፣ መጽሐፍም በተራ እንደሚነበብ ተናገረ። ሽማግሌው በትዕግሥት ተመለከቱት፤ መጽሐፉ በእጁ እያለ ፊታውራሪ ሩቅ ናቸው የሚል ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይመስላል። መጽሐፉን ተቀብለው ራሳቸው ይገልጡ ጀመር፤ ፊታውራሪን ባያገኙም ጉዱ ካሳን አገኙ፤ ስሙን ጣታቸውን አስደግፈው ጮክ ብለው ሲያነቡት የኋላ ወንበሮች ሳቁ። በዚህ ጊዜ ያቺ ሴት “እስቲ አንዴ” ብላ እጇን ዘረጋች። መጽሐፉ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ከመጨረሻው ወንበር ነበር። በየወንበሩ የተለያየ ገጽ ተነበበ፤ አንዱ ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያለቅስ ሌላው ገና በዛብህ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ባለቤቱ የመስኮት ወንበሩ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ የጎጃምን ማሳ ሲያይ ቆየ። አለመናገር የማይቻልበት ሁኔታ ስለነበር ከሽማግሌው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ አወራ፤ ስሙን ጠይቀውት ነገራቸው፤ አባቱን ጠይቀውት ነገራቸው።

ፍኖተ ሰላም ሲታለፍ መጽሐፉ ልባጡ ተቀዶ ተመለሰ፤ የመለሰው ሰው የት እንደደረሰ እንዳይጠፋው የአንድ ገጽ ጥግ አጥፎበታል። በአሁኑ ጊዜ ጥግ ማጠፍ ከስርቆት ቀጥሎ የሚታይ ጥፋት ነው፤ ይህኛው አጣጠፍ ግን የሚገርም ተስፋ አለበት፤ ሰውየው መጽሐፉን ደግሞ እንደሚያገኘው እርግጠኛ ነበር።

ማንኩሳ ሲቃረብ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። መጽሐፉን ይዘው ይውረዱ፤ ለልጅ ልጆቻቸው ያስነብቡት፤ አንባቢው ሲመለስ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁትና ይሰጡታል። ሽማግሌን ፊት ለፊት “አይሆንም” ማለት ነውር ነው፤ “እሺ” ማለት ደግሞ መጽሐፉን መሰናበት ነው። መጽሐፍ ወዳድ ሁሉ ለእንዲህ ያለው ሰዓት ያስቀመጣት አንዲት መልስ አለችው፤ አንባቢው እሷኑ አወጣት።

“የሰው ነው አባቴ። የእኔ ቢሆን ኖሮ…”

“የሰው ነው?”

“የሰው ነው።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው አደራ ከባድ ነገር መሆኑን እንደሚረዱ ተናገሩ። ከዚያ መጽሐፉን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገለጡት። ጥንቁቅ አንባቢዎች እንደሚያደርጉት ባለቤቱ እዚያ ላይ ስሙን ከነአባቱ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ ፈርሟል። ሽማግሌው ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቃል በቃል፣ ረዳቱ እስኪሰማ ድረስ አነበቡት፤ ንባባቸው በሚገባ ዝግ ያለ ነበር።

አውቶቡሱ ቆመ። ሽማግሌው መጽሐፉን ዘግተው በሁለት እጃቸው መለሱለት፤ ዱላቸውን አንስተው ወረዱ፤ ከመሬት ሆነው ወደ መስኮቱ ቀና አሉ።

“ለባለቤቱ ሰላም በልልኝ” አሉት፤ “ሲያነብ ጮክ ይበል፤ መሸሻ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይቆጣ።”