የቃለ ጉባኤው ክሪክ

ባለ ምሰሶ ክሪክ ለአዋቂ ሰው ደረት በሚቀርብ ባለ ቀዳዳ ብረት ላይ፣ በእጀታ ምት ቀዳዳ በቀዳዳ እየተራመደ መኪና የሚያነሣ መሣሪያ ሲሆን፣ ሃይ ሊፍት በሚል ስም የሚታወቀው ዋነኛ ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ብሉምፊልድ በተባለች ትንሽ ከተማ ሲመረት የኖረ ነው። 122 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዓይነት ራሱ 13 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት ግን 2100 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በተንሸራታቹ አካል ውስጥ ሁለት ፒኖች አሉ፤ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጭነቱን ሲሸከም ሌላው ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይወጣል፤ አቅጣጫ መቀየሪያዋ ትንሽ ምላስ ወደ ታች ስትመለስ ደግሞ ሥራው ተገልብጦ ጭነቱ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ዘይት የሚያፈስ፣ ጎሚኒ የሚያስቀይር ነገር ስለሌለው ጥገና የማያሻው ይመስላል፤ መምሰሉ ግን ለብዙ ጣጣ ምክንያት ሆኗል።

ይህን ክሪክ የሚያስቀምጥ ሰው ሁለት ስጋቶች አሉበት፤ አንደኛው አቧራ፣ ሁለተኛው ሌባ ነው። አቧራን የሚፈራው ክሪኩን መኪናው ውስጥ ከወለሉ ጋር በብሎን አጥብቆ ያስረዋል፣ 13 ኪሎ ብረት በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ የፊት ወንበር ሊጎበኝ ይችላልና፤ ፒኖቹንና ፒኖቹን ወደ ቀዳዳቸው የሚገፉትን ሞላዎች በቀጭን ዘይት ያርሳል እንጂ ግራሶ አይለቀልቅም፣ ግራሶ አቧራ ሰብስቦ ይይዛልና። ሌባን የሚፈራው ግን ፖርቶመጋላው ላይ ሰቅሎ በጓጉንቸር ይቆልፈዋል። በአንድ የሚያዝያ ወር ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የወረደው ላንድ ክሩዘር የሁለተኛው ወገን መሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። ክሪኩ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ ማለትም በንብረት መቀበያና መስጫ ቅጾች አልፎ፣ በሾፌሩ ስም ተመዝግቧል፤ በመዝገቡም ላይ «በመልካም ሁኔታ የሚገኝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ተቆልፎ ስለኖረ ይህን የሚያስተባብል ሰው አልተገኘም።

በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ 2162 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ፓርክ በሚያዝያ ለመኪና የሚመች አይደለም። መኪናው የያዘው ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ አንድ የአፈር ተመራማሪ፣ አንዲት የሒሳብ ባለሙያና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የተጨመረ አንድ ስካውት ነበር። የኋላው ቀኝ ጎማ ዋልካ ውስጥ እስከ መሐሉ ሲሰምጥ ተመራማሪው ከሁሉ ቀድሞ ወርዶ፣ ዋልካ በሙያው ቋንቋ ቨርቲሶል ከሚባለው ወገን እንደሆነ፣ ይህም ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ፣ ሲረጥብ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ ሸክላማ አፈር መሆኑን ማስረዳት ጀመረ። ገለጻው ትክክለኛ ነበር፤ አድማጮቹ ግን አካፋ ይፈልጉ ነበር።

ረዳቱ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ «ጋሼ፣ ቁልፉስ?» ሲል ጠየቀ።

«ቁልፉ አዲስ አበባ ነው፤ ንብረት ክፍል» አለ ሾፌሩ።

የንብረት ክፍሉ አስተሳሰብ የራሱ አመክንዮ ነበረው፤ ቁልፍ ከክሪክ ጋር አብሮ ከተጓዘ መቆለፉ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ሾፌሩ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ለመስበር ሲነሣ የሒሳብ ባለሙያዋ አስቆመችው፤ የመንግሥት ንብረት ያለ ቃለ ጉባኤ አይሰበርም። ስለዚህ የአምስት ሰዎች ኮሚቴ በጭቃው ዳር ቆሞ አጀንዳ ያዘ፣ ተወያየ፣ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ከሁሉም ባማረ የእጅ ጽሑፍ የፈረመው ስካውቱ ነበር። በዚህ መሐል የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ሌሎቹን ትቶ ረዳቱን ከበበው፤ ይህ ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ስለሚስበው ማጥመጃው እንኳ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ የሚሠራ ሲሆን፣ ረዳቱ የለበሰው ቱታ ሰማያዊ ነበር።

ክሪኩ ወርዶ ከኋላው የብረት መከላከያ ሥር ሲቆም መኪናው ሳይሆን ክሪኩ ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ታች። ምክንያቱ ስሌት ነው። የክሪኩ መቆሚያ 10 በ18 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 900 ኪሎ ቢጫንበት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ያርፋል፤ ይህን ርጥብ ዋልካ አይችለውም። ስካውቱ ጣውላ እንዲነጠፍ ሲያሳስብ፣ በአካባቢው የተገኘው ጣውላ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተመራማሪው የናሙና ሣጥን ክዳን ብቻ ሆነ። ክዳኑ ሲነጠፍ ጫናው ከግማሽ ኪሎ በታች ወረደ፤ የዋልካ ናሙና እንዲከድን የተገዛው ጣውላም ዋልካው ላይ ተኝቶ ውሏል። ባለቤቱ ተቃውሞው በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍርለት ጠይቆ ሰፍሮለታል።

መኪናው ሲነሣም ጎማው ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አካሉ ወደ ላይ ሲሄድ ባሌስትራው እየተለጠጠ ጎማውን ወደ ታች ይለቀዋልና። ሾፌሩ አክሱሉን ከሻንሲው ጋር በመጎተቻው ቀበቶ አስሮ፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ደግፎ እንደገና ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ጎማው ወጣ። ተመራማሪው የአፈሩን ሽፋኖች ሊያይ ጉድጓዱ ውስጥ አንገቱን ሲያስገባ ስካውቱ በኮሌታው ይዞ ጎተተው። በአንድ መቆሚያ ላይ ያለ መኪና በነፋስም በሰው መደገፍም ወደ ጎን ሊወድቅ ስለሚችል፣ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር የሰው አካል መግባት የለበትም፤ ከጎማው ሥር የሚነጠፈው ቅርንጫፍም የተጎዘጎዘው በረጅም እንጨት እየተገፋ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚፈራው መኪናውን ማንሣቱን ነው፤ የክሪኩ ክፋት ግን በማውረድ ጊዜ ይገለጣል። በማንሣት ጊዜ ጉልበቱ የሰው ነው፤ በማውረድ ጊዜ ግን ጭነቱ ራሱ እጀታውን ወደ ላይ ስለሚወረውር፣ እጀታውን በሁለት እጅ ያልጨበጠ ወይም አገጩን በእጀታው መንገድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ጥርሱን ሊያጣ ይችላል። ምላሷም መመለስ ያለባት እጀታው ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው። ረዳቱ ግን በአንድ እጁ ዝንብ እያባረረ፣ እጀታው አግድም እንደተዘረጋ ምላሷን መታት። ፒኖቹ በአቧራ ተይዘው ስለነበር መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ሾፌሩ ናፍታ ሲያፈስባቸው ግን በድንገት ተላቀቁ፤ እጀታውም ላይና ታች እየተወነጨፈ የሒሳብ ባለሙያዋን መዝገብ ከእጇ ነጥቆ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው። ረዳቱ ቀድሞ ዝንብ ሊመታ ዘወር ብሎ ስለነበር አልተነካም፤ ከአደጋ ያዳነው ዝንቡ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

መኪናው ሳይመሽ ጂንካ ገባ። ቃለ ጉባኤው ከነጭቃው ለንብረት ክፍል ቀረበ፤ ክሪኩም ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ በብሎን ታሰረ። የተሰበረው ጓጉንቸር ከመዝገብ የሚሰረዘው ከነቁልፉ ተመላሽ ሲሆን ብቻ ነው በመባሉ፣ ቁልፉ በአሁኑ ጊዜ በንብረት ክፍሉ ውስጥ እየተፈለገ ይገኛል።