የኮተቤ ቡንደስታግ

ኮተቤ ውስጥ ስለ ጀርመን ፖለቲካ አስተያየት የሌለው ሰው ካጋጠማችሁ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ከላምበረት መናኸሪያ ተነስታችሁ በወሰን በኩል ሽቅብ ወደ ካራ ስትጓዙ፣ ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች ስለ ታክሲ ታሪፍ የሚከራከሩ ይመስላችኋል። ጠጋ ብላችሁ ስትሰሙ ክርክሩ ስለ አረንጓዴዎቹ ፓርቲ ነው። ጸጉር ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡም መራሄ መንግሥቱ ከማን ጋር ቢጣመር እንደሚያዋጣው ጸጉር ቆራጩ መቀሱን አንስቶ ያስረዳችኋል። በዚያች ደቂቃ ጆሯችሁ ያለበትን አደጋ ግን ልብ አይልም።

ጥፋተኛው ሬዲዮ ነው። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ሥራ የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ከኮሎኝ፣ በኋላም ከቦን የሚመጣውን ድምፅ እየሰማ ያደገው ትውልድ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። በደርግ ጊዜ መስኮት ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ የሀገሩን ወሬ ከባዕድ ሀገር ሲለቅም የኖረ ሰው፣ በመሐል የሚገባውንም የጀርመን ዜና አብሮ ሰምቶታል። እንዲህ ሆኖ የጀርመን ምርጫ የቤተሰብ ጉዳይ ቢሆንበት አይፈረድበትም። እኔን የገረመኝ ሌላው ቤተሰብ፣ እዚሁ አብሮት በአንድ ደረጃ የሚወጣውና የሚወርደው፣ የተረሳ መሆኑ ነው።

ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የአርበኞች ቀን በተከበረ ማግሥት፣ ፍሪድሪሽ ሜርስ የጀርመን መራሄ መንግሥት ለመሆን ለድምፅ ቀረበ። 630 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት፣ ከቡንደስታግ፣ 316 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ 310 አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ዕጩ መራሄ መንግሥት እሱ ብቻ ነው። ወሬው ምሳ ሳይደርስ ኮተቤ ገባ። ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ዘንድ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ስልካቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ተቀምጠዋል።

«ጥምረቱ 328 ወንበር አለው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «18 ሰው ከድቶታል። ያውም በምስጢር ድምፅ! የገዛ ወገኑ ነው!»

«ጋሼ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎት?»

«ተዪኝ እስቲ ልጄ፤ እዚህ መንግሥት ሊፈርስ ነው።»

ይህን ሲሉ የተደገፉት ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ የብሎካችን ጠቅላላ ጉባኤ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ለሦስተኛ ጊዜ መተላለፉን ይናገራል። የጋሼ ኮት ወረቀቱን እስከ ግማሹ ሸፍኖታል። አመሻሹ ላይ ሜርስ በሁለተኛው ዙር 325 ድምፅ ማግኘቱ ሲሰማ እፎይ ብለው ተነሱ፣ ኮታቸውን አራገፉ፣ ወረቀቱን ሳያዩት ወደ ቤታቸው ወጡ።

እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ዕድሜ ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ወጣቱም ግን አልተረፈም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በተካሄደው የጀርመን ምርጫ የዛራ ቫገንክኔሽት ፓርቲ 4.98 በመቶ አግኝቶ ምክር ቤት ሳይገባ ቀረ። የመግቢያው ወለል 5 በመቶ ነው፤ የጎደለው አሥር ሺህ የማይሞላ ድምፅ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ወጣት ጎረቤቴ በዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከረመ። የፓርቲው ደጋፊ ነህ ወይ ብለው አይደለም አለኝ፤ ያናደደው ስሌቱ ነው። የቫይማር ሪፐብሊክን ምክር ቤት ትናንሽ ፓርቲዎች እንዴት እንዳመሱት፣ ጀርመኖች ከዚያ ተምረው ይህን ወለል እንዴት እንዳበጁ እያብራራልኝ ደረጃውን አብረን ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ የደረጃው መብራት እንደማይሠራ ሁለታችንም አስተዋልን። «ይሄን የሚመለከተው ማን ነው?» ስል ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። የራሱ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ያስታወሰውም ያኔ ነው።

ደግሞስ ጀርመን ለኮተቤ ሩቅ ናት እንዴ? ፍሪድሪሽ ሮዘን ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈራረመበት ከ1897 ዓ.ም. ወዲህ አብረን አለን። ኤምባሲዋም እዚሁ የካ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን የተነጠፈበት ኮብልስቶን ወደ ሀገራችን የገባው ያኔ ጂቲዜድ ይባል በነበረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በኩል ነው። በኋላ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መዶሻ ይዘው ድንጋይ ሲጠርቡ ሀገሩ ሁሉ መነጋገሪያ እንዳደረጋቸው ታስታውሳላችሁ። የኮንዶሚኒየሙን የአነስተኛ ወጪ አሠራርም ያመጣው ይኸው ድርጅት ነው። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተሠሩት ቤቶች በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ለከተማው ሁሉ አርአያ ሆኑ። እናም ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ስለ ጀርመን ሲያወሩ፣ የረገጡት ጀርመን ነው፣ የተደገፉትም ጀርመን ነው። እሳቸው ግን ጀርመንን የሚፈልጓት በስልካቸው ውስጥ ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ ጋር አብሮ የተሰጠን «ኮሚናል» የምንለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ። በግ ሊታረድበት፣ ልብስ ሊታጠብበት፣ ሐዘን ሊቀመጡበት፣ ስብሰባ ሊሰበሰቡበት የታሰበ ነው። የእኛ ብሎክ ኮሚናል ዛሬ የታሸገ ውሃ መጋዘን ሆኗል። ማን እንዳከራየው፣ ኪራዩ የት እንደሚገባ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረኝ ሰው ብሎኩን ዞሬ አጣሁ። ጀርመን ለመሠረተ ልማት ያጸደቀችው የ500 ቢሊዮን ዩሮ ፈንድ በስንት ዓመት እንደሚወጣ የሚያውቅ ግን አላጣሁም። በ12 ዓመት ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ነጋዴ ደግሞ የዕዳ ገደብ ወዳጅ ናቸው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2009 ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ባስገባችው ደንብ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት መዋቅራዊ የበጀት ጉድለት ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት 0.35 በመቶ በላይ እንዳይሆን ተገድቧል። ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የያኔው መራሄ መንግሥት ኦላፍ ሾልስ በዚሁ በበጀትና በዕዳ ጣጣ የገንዘብ ሚኒስትሩን ክርስቲያን ሊንድነርን ሲያባርሩና የሦስቱ ፓርቲዎች ጥምረት ሲፈርስ፣ ነጋዴው ከሊንድነር ጎን ቆሙ። «አቅምህን እያወቅህ ኑር ነው ያለው ሰውዬው! የሰው ገንዘብ ይዞ መንቀባረር ውርደት ነው!» እያሉ በር ላይ ሲናገሩ ዘበኛችን ቆሞ በጥሞና አዳመጣቸው። ሲጨርሱ ኮፍያውን አነሳና፣ «ጌታዬ፣ ሕጉ ለዘበኛ መክፈልንም ይከለክላል ወይ?» አላቸው። የነጋዴው የጥበቃ መዋጮ ከመስቀል ወዲህ አልተከፈለም። ሳቁ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፣ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። መዋጮው ዛሬም አልተከፈለም።

እንዲያም ሆኖ ከጀርመን ሕገ መንግሥት ሳናውቀው የወረስነው አንድ አንቀጽ አለ። እዚያ ምክር ቤቱ መራሄ መንግሥቱን ለማውረድ መጀመሪያ ተተኪውን መምረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ማውረድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ሄልሙት ኮል የወጡት በዚህ መንገድ ነው። የእኛ ብሎክ ኮሚቴ ሰብሳቢ እትዬም በዚሁ ሕግ የሚተዳደሩ ይመስላሉ። ልልቀቅ ብለው ለምነዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የውሃ ፓምፑ ቁልፍ ግን እሳቸው ዘንድ ነው። የሚተካቸው ሰው ይጠቆም ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል። አንጌላ ሜርክል እንኳ ከ16 ዓመት በኋላ አበባ ተሰጥቷቸው ወርደዋል። እትዬ አበባውንም አይፈልጉ፤ ቁልፉን የሚቀበላቸው ሰው ብቻ ይሻሉ።

ለምን እንዲህ ሆንን? የበርሊን ፖለቲካ ዋጋ ስለማያስከፍል ነው ባይ ነኝ። ሾልስን ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ ብታብጠለጥሉት ምን አልክ የሚላችሁ የለም። የቅርቡን መንግሥት ስታሙ ግን መጀመሪያ አጠገባችሁ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ታያላችሁ፤ ይህ ልማድ ከደርግም ወዲህ አልለቀቀንም። ከዚህ ሌላ ሜርስን ብትሰድቡት ነገ ደረጃ ላይ አታገኙትም። እትዬን ግን ታገኟቸዋላችሁ፣ ያውም ጀሪካን ይዛችሁ። የበርሊን አዋቂ መሆን መዋጮም፣ ስብሰባም፣ ኩርፊያም አይጠይቅም። በዚህ ላይ ያስከብራል።

ለፋሲካ ከፍራንክፈርት መጥታ የሰነበተች የጎረቤት ልጅ ይህን ክብር ልታፈርሰው ነበር። እዚያ የራሷ አፓርታማ አላት። ጋሼ አንድ ቀን፣ «እናንተ ዘንድ የሕንፃ ስብሰባ ሲጠራ ሰው በደቂቃው ይሰለፋል አይደል?» ሲሏት ሳቀች። ጀርመን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ እኛ የወጣልን በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በጀርመኑ ሕግ ባለቤቶች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው፤ ለውሳኔም ድሮ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልግ ነበር። ሰው አልመጣም። በተደጋጋሚ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ምልዓተ ጉባኤውን ጭራሹን አነሳው። ዛሬ በአግባቡ እስከተጠራ ድረስ የመጣው ሰው ጥቂትም ቢሆን ስብሰባው ይወስናል።

«ጀርመኖች ናቸው እንዲህ ያደረጉት?» አሉ ጋሼ።

«አዎ፣ ጋሼ። ጀርመኖች።»

እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቻቸው በሰዓቱ የደረሰው 62.5 በመቶው ብቻ መሆኑን፣ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት በሰዓቱ እንደደረሰ ተቆጥሮ መሆኑን ነገረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግንባታው ተጀምሮ በ2011 ሊከፈት የታቀደው የበርሊን አውሮፕላን ማረፊያ የተከፈተው በ2020 እንደሆነም ጨመረችላቸው። ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዕጣ ሲጠብቁ የኖሩት አንዲት እናት ከጎን ሆነው፣ «እሰይ፣ እነሱም ቀመሷታ!» አሉ። ጋሼ ግን አልተዋጠላቸውም። ልጅቷ ከተነሳች በኋላ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የውጭ ሰው የኖረበትን ሀገር አያውቅም» አሉኝ። ልጅቷ እዚያ ስትኖር ዓመታት አስቆጥራለች። እሳቸው ጀርመንን በእግራቸው ረግጠዋት አያውቁም።

የየካቲቱ ምርጫ ላይ ድምፅ ለመስጠት መብት ካላቸው ጀርመኖች 82.5 በመቶው ወጥተው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ ወዲህ ይህን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም። መንግሥት ሲመረጥ ይሰለፋሉ፣ የሚኖሩበት ሕንፃ ስብሰባ ሲጠራ ይቀራሉ። በዚህ በኩል ኮተቤና በርሊን አንድ ናቸው። ጋሼ ቢያምኑኝ ኖሮ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት ከነበረው የጀርመን ሥልጣኔ እኩል የደረስንበት አንድ መስክ ተገኝቷል። ልዩነቱ እዚያ የሕንፃ አስተዳዳሪ ተቀጥሮ ይከፈለዋል፤ ሰው ባይመጣም ፓምፑ ይሠራል። እዚህ ፓምፑ የሚሠራው በእትዬ ጉልበት ነው።

የጀርመኑን የ2020 ማሻሻያ እኛም እንውሰደው የሚል ሐሳብ ብሎካችን ውስጥ መነሳቱ አልቀረም። እኔ እቃወማለሁ። ኮሚናሉን ያከራየው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ጣራውን የሚያከራይበትን በር በሕግ መክፈት ድፍረት ነው።

አራተኛው ጥሪ ወጥቷል። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ኮሚናሉ የተከራየ በመሆኑ ግቢው ውስጥ፤ ሁሉም የሚቀመጥበትን ይዞ ይምጣ። አጀንዳው የውሃ ፓምፕ፣ የጥበቃ መዋጮና የኮሚናሉ ኪራይ ነው። የበርሊንን ጉዳይ ማንሳት የሚፈልግ ካለ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲያስመዘግብ እትዬ ፈቅደዋል። ብቻ ይምጣ።