አንድ ሸጦ አንድ መስጠትን የማበላሻ ዘዴ

ነጋዴ ነህ እንበል። «አንድ ጥንድ ጫማ ለገዛኝ ሁሉ አንድ ጥንድ ለችግረኛ ልጅ እሰጣለሁ» ብለህ ማስታወቂያ ለጥፈሃል፤ የጫንከውንም ይዘህ ወደ ሸካ ዞን፣ ወደ ማሻ ልትመጣ ነው። ሥራው እንዲበላሽ ከፈለግህ እንዲህ አድርግ።

መጀመሪያ መሬቱን አትይ። ማሻ ዝናብ የማይርቀው ደጋ ነው። አንተ ግን ስስ የሸራ ጫማ አምጣ። ልጆቹን አሰልፈህ ፎቶ አንሳ፤ ከዚያ ውጣ። በሳምንቱ ልጁ የራሰውን ጫማ ምድጃ ዳር አስጥቶ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ቀጥሎ፣ ጫማ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንንም አትጠይቅ። ጤና ጣቢያ ብትገባ ስለ ዝሆኔ ይነግሩሃል። እሳተ ገሞራ የወለደው ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቂቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ዓመት በዓመት ሲጠራቀም እግሩ ያብጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያም ሆኖ ሕሙማኑ ከሠርግም ከለቅሶም ይገለላሉ፣ ትዳር ይከለከላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ቅኝት፣ ማሻ ያኔ በነበረችበት የደቡብ ክልል ከ100 አዋቂዎች 8 ያህሉ ይህ እግር ነበራቸው። ይህን ቁጥር ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ቢደረግና እግር በሳሙና ቢታጠብ በሽታውን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ማበላሸት የፈለገ ሰው ሳሙናውንና ውኃውን ይርሳ። ጫማውንም አንድ ጊዜ ብቻ ይስጥ፤ የልጅ እግር በዓመቱ ጫማውን ጥሎት ያድጋል።

ያበጠ እግር ደግሞ ፋብሪካ በሚሠራው ቁጥር ውስጥ አይገባም። ወላይታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት ሕሙማኑን ራሳቸውን ጫማ ሰፊነት አስተምሮ በየእግሩ ልክ ያሰፋ ነበር። አንተ እንዲህ ያለውን ሰው አትፈልግ። ይልቅ በገበያ ቀን፣ ኮንጎና በረባሶ ከሚሸጡት ፊት ለፊት ቆመህ በነጻ አድል። በረባሶ ሠሪው በማግስቱ ምን በልቶ እንደሚያድር ጉዳይህ አይደለም።

መንገዱን ያሳየህ የአሜሪካው ጫማ ኩባንያ ቶምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 «አንድ ለአንድ» ብሎ ጀመረ፤ ኢትዮጵያም ውስጥ አድሏል። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች ሥራውን ኤል ሳልቫዶር ላይ እንዲመረምሩለት ራሱ በሩን ከፈተ፤ ይህንንስ አደንቅለታለሁ። ጥናቱ እንዳሳየው ጫማው በልጆቹ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ቤተሰቤ የሚያስፈልገውን ሌላ ሰው ሊያሟላለት ይገባል» ያሉት ግን ጫማ ካላገኙት ልጆች 66 በመቶ፣ ካገኙት 79 በመቶ ሆኑ። ቶምስ ከሚሰጠው ጫማ ሲሶውን በሚሰጥባቸው አገሮች ለማምረት ቃል ገባ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም አሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አንድ ለአንድን ትቶ ከትርፉ ሲሶውን ለመስጠት ወሰነ።

አንተ ግን ሥራው እንዲቃና ከፈለግህ፣ ማሻ ስትመጣ ሜትርና ሳሙና ይዘህ ና። ጫማውን እዚያው አሰፋ፤ በዓመቱም ተመለስ።