ሁለት ሺህ ዶላር ለሣር ጥላ

ኤንቪዲያ በጥር 2017 ዓ.ም. አርቲኤክስ 5090 የተባለውን የጌም ግራፊክስ ካርድ በ1,999 ዶላር መነሻ ዋጋ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ እቤት ያለው ካርድ ሁሉ በአንድ ሌሊት አረጀ። እስከ ትናንት ያለ አንዳች ቅሬታ ጠላት ሲረፈርፍበት የኖረ ካርድ፣ ዛሬ ጡረታ ይውጣ ተባለ።

አዲሷ ሙሽራ ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። እስከ 575 ዋት ትጠጣለች፤ አምራቹ ራሱ የ1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ አዘጋጁላት ይላል። ፓወር ሰፕላዩ ተቀየረ። ካርዱ በርዝመቱ አልገባ ሲል ኬዙ ተቀየረ። ፕሮሰሰሩም «እኔስ?» አለ።

ይህ ሁሉ ተደግሶ ታዲያ ገመዱ የሚሰካው የት ነው? ከዚያው ከድሮው 60 ኸርዝ ስክሪን ላይ! ካርዱ በሰከንድ 200 ምስል ቢያመርትም፣ ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደሰው 60 ጊዜ ብቻ ነው። ለቀሪው ነፍስ ይማር። በዚያ ላይ ካርዱ ከ4 ምስል 3ቱን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ገምቶ የሚሞላበት ዘዴ አለው፤ ክፍያው ግን በግምት አይደለም።

ባለቤቱ ደስተኛ ነው፣ አይካድም። የእያንዳንዱን ሣር ጥላ ለይቶ ያያል። ጥላውን ቆሞ ሲያደንቅ ነው ታዲያ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚጫወት አንድ ታዳጊ ግንባሩን የሚለው።

ፈጣን ባለ 4ኬ ስክሪን ያለው፣ ገንዘቡም የተረፈው ይግዛ፤ ልዩነቱን በርግጥ ያየዋል። ሌላው ግን ካርድ ከመቀየሩ በፊት ጌሙን ከፍቶ የጥላውን ጥራት ከአልትራ ወደ ሚዲየም ያውርድ። በነጻ ነው።