ስለ ከሚሴ ሚኒባስና ስለ ተሳፋሪው ፍቅር

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች እንደ መሆኗ፣ ዘወትር ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ነዋሪዋ ለሚኒባስ ያለው ፍቅር ጥልቅ ጥናት ይገባዋል። ሚኒባሱ የሰዓት ባሪያ አይደለም፤ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ መሙላቱም የሚጸናው ረዳቱ፣ ማለትም በር ይዞ ሒሳብ የሚሰበስበው ባለሥልጣን፣ ሲያምንበት ብቻ ነው፤ ተሳፋሪውም ይህን ነጻነት ስለሚያከብር ሰዓቱን አያይም። ከወንበር ቁጥር በላይ የሚጫነው ሰው፣ «ትርፍ» የሚባለው፣ ሙሉ ሒሳብ ከፍሎ በሁለት ወንበር መካከል ተጣጥፎ ይጓዛል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይም በረዳቱ አንድ ቃል ጎንበስ ስለሚል፣ የተሳፋሪው ቁጥር ወዲያው ከሕጉ ጋር ይስማማል። በዚህ ስሌት ሁሉም ተሳፋሪ በአንድ ጊዜ ቢያጎነብስ መኪናው ባዶ ስለሚሆን ሕግ የጣሰ ሰው አይገኝም፤ ባዶ መኪና ደግሞ ስላልሞላ፣ ገና ከመናኸሪያው አልተነሣም ማለት ነው። ስለሆነም በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ለሰኞው የባቲ ገበያ መድረስ የሚሻ አንባቢ እሑድ ማለዳ እንዲሳፈር ይመከራል።