ጣሪያው ሲጮኽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጉንደ ወይን

ስልኩ ሁልጊዜ ሽንኩርቱ ላይ ስንደርስ እየተቆረጠ ስላስቸገረን፣ የጥብሱን ነገር ከሥሩ በወረቀት ላስረዳሽ ብዬ ተነሣሁ። አንቺም የምታነቢላት እህቴ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ከራስሽ አትጨምሪ።

እማዬ፣ ይህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባለው፣ ዋሽንግተን ጥግ ያለው ከተማ፣ የሐበሻ ሱቅ ሞልቶታል። እንጀራ አይቸግርም። አይዳሆ በሚባል ግዛት ፈረንጅ ጤፍ ይዘራል ብልሽ ታምኛለሽ? ያውም መሬቱን በከብት ሳያስረግጥ! የሚቸግረው ሥጋው ነው። የሐበሻው ሥጋ ቤት ሽንጥ፣ ጎድን ስትዪው ይገባዋል፤ ግን ሩቅ ነው። ከሰፈራችን ያለው የፈረንጅ ሱቅ ደግሞ ሥጋውን በላስቲክ አፍኖ ይደረድረዋል። ሻኛ እንዳትጠይቂ፤ የእነሱ አብዛኛው በሬ ሻኛ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ የሥጋ አሠራር ሊያስተምረኝ ተነሣ። ሥጋውን በኮምጣጤ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ለውሶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድረዋል። ጥሩ። ቀይ ሽንኩርቱን ግን ስንት ጊዜ ቢሰጠው ጥሩ ነው? አምስት ደቂቃ! አንቺ ቤት በአምስት ደቂቃ ሽንኩርቱ ገና ተከትፎ አላለቀም። ኮምጣጤውም ቢሆን ላይ ላዩን ነው እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ዘልቆ የሚገባው ጨው ነው። ይህን ደግሞ ቋንጣ የሰቀለች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

እኔ ሥጋውን ዘልዝዬ፣ በርበሬን በጠጅ በጥብጬ በሠራሁት አዋዜ ከነጨው አሽቼ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ሽንኩርቱን አድቅቄ፣ ያለ ዘይት፣ በደረቁ አቁላላለሁ። የዚህ አገር ሽንኩርት ትልቅነቱ ለጉድ ነው፤ ውሃው ግን አያልቅም። ሽንኩርት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ውሃ ነው፤ ያ ካልወጣለት አይቀላም። ማያር የሚባል ፈረንሳዊ በ1912 በእነሱ አቆጣጠር፣ ስኳርና አሚኖ አሲድ አብረው ሲግሉ እንዴት እንደሚጠቁሩ ጽፎ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ የአንቺ አያቶች ግን ቁሌታቸውን ጨርሰው ወጡን እያወጡ ነበር። የጠየቃቸው የለም እንጂ።

ታዲያ ቁሌቱ ቀላ ማለት ሲጀምር ጣሪያው ይጮኻል። አትደንግጪ፤ እሳት የለም። ጭስ የሚያሸት መሣሪያ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። በአንዳንዱ ውስጥ አሜሪሲየም የሚባል፣ ስሙን ራሱ ከአሜሪካ ያገኘ ንጥረ ነገር አለበት አሉ፤ ለካ የሐበሻ ቁሌት የማይወደው ወዶ አይደለም! እናንተ ጋ ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይሄዳል፣ የሚከሰው የለም። እዚህ አብሮኝ የሚኖረው የደብረ ማርቆስ ልጅ ጋቢውን ይዞ ከሥሩ ቆሞ ያራግባል። ይኸው ጋቢ ቁሌት ቁሌት እየሸተተ፣ በዐቢይ ጾም ለቅዳሴ ለብሶት ቢሄድ፣ አንዲት እናት ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ልጄ፣ ፋሲካ ገባ እንዴ?» አሉት።

ያን ፈረንጅ ከፋሲካ በኋላ ቤት ጠራሁት። ቴርሞሜትር ይዞ መጣ! የአገሩ መንግሥት ሙዳ የበሬ ሥጋ 63 ዲግሪ ሲደርስ ወርዶ ሦስት ደቂቃ ይረፍ ይላል። ስለ ጥሬ ሥጋ ትንፍሽ አላልኩም። ሥጋውን በጋለ ብረት ምጣድ ጠበስ አድርጌ፣ ቁሌቱ ላይ ገልብጬ፣ ቅቤና የጥብስ ቅጠል ጨምሬ አቀረብኩለት። ቴርሞሜትሩን ረስቶት ሄደ። ሊሄድ ሲል፣ «ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ። «እስኪደርስ» አልኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው።

በርበሬ አልቆብኛል። በሚመጣው ሰው ስትልኪ ግን በሦስት ላስቲክ ጠቅልዪልኝ፤ ያለፈው ባመጣልኝ ሰው ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ የሰውየውን ካልሲ ሁሉ አቅልቶታል። እስካሁን ቅር ብሎት እንደሆነ፣ አዲስ ይገዛልሃል በይልኝ፤ የቀላውን ግን እንዳያጥበው፣ አራግፎ ይላክልኝ።

ልጅሽ